አደራ ወላጅ ልትሆኑ ካሰባችሁ

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ከቁጥር ልጀምር። እኔና ባለቤቴ በ11 ዓመት ውስጥ 7 ልጆችን በአደራ ተቀብለናል። አጭሩ ቆይታ 9 ቀን ነበር፤ ረጅሙ 2 ዓመት ከ4 ወር። አምስቱ ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ዘመዶቻቸው ተመልሰዋል። አንዷ በጉዲፈቻ ቋሚ ቤተሰብ አግኝታለች። አንዱን ደግሞ አልቻልነውም፤ ከ5 ወር በኋላ ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ። ስለዚህኛው ልጅ ሳወራ አሁንም ድምፄ ዝቅ ይላል፤ ይሁን እንጂ ሒሳብ ሲዘጋ ኪሳራውም ይጻፋል።

ይህን ነገር የሚያስቡ ሰዎች ሊያማክሩኝ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከለመዳችሁት በኋላ ሲሄድ አይከብድም?» ይሉኛል። ይከብዳል። ግን ያ የመጨረሻው ቀን ጥያቄ ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሌሊት አለ። እኔ የምጽፈው ይበልጡን ስለ ሌሊቶቹ ነው።

አደራና ጉዲፈቻ

ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። በጉዲፈቻ ልጁ በሕግ የእናንተ ልጅ ይሆናል። በአደራ ግን የወላጆቹ ልጅ እንደሆነ ይቆያል፤ እናንተ ዘንድ የሚኖረው እናቱ እስክታገግም፣ አባቱ ከእስር እስኪወጣ፣ ቤቱ እስኪረጋጋ፣ ወይም ፍርድ ቤት ሌላ ውሳኔ እስኪሰጥ ነው። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ መነሻው ግን ብዙ ቦታ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 ላይ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ ልዩ ጥበቃ እንደሚገባው ይደነግጋል፤ ከአማራጮቹም መካከል አደራ ቤተሰብን፣ በእስልምና ሕግ የሚታወቀውን ከፋላን (ልጅን ያለ ጉዲፈቻ ወስዶ ማሳደግን)፣ ጉዲፈቻን፣ አስፈላጊ ሲሆን ደግሞ ተቋምን ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ጠንከር ይላል፦ ልጅን ከቤተሰቡ መለየት የመጨረሻው እርምጃ መሆን አለበት፤ ሲሆንም በተቻለ መጠን ጊዜያዊና አጭር ይሁን፤ ድህነት ብቻውን ምክንያት መሆን የለበትም።

ይህንን የምለው የሕግ ትምህርት ልሰጣችሁ አይደለም። ብዙዎቻችን ወደዚህ ሥራ የምንገባው «ልጅ ላድን» ብለን ነው፤ የሚሰጠን ሥራ ግን ሌላ ነው፤ «ባለቤቱ እስኪመለስ ጠብቁልን» ነው የምንባለው። በቋንቋችን «አደራ በላ» የሚለው ስድብ ክፉ ስድብ ነው። በዚህ ሥራ አደራ የሚበላው ልጁን የሚያስርበው ሰው ብቻ አይደለም። ልጁን ከእናቱ ልብ ቀስ አድርጎ የሚነጥቀው ደግ ሰውም ይበላል። እኔ ራሴ ከዚያ አፋፍ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቤታችሁን ሲያጠኑ

ልጅ ከመሰጠቱ በፊት ቤታችሁ ይጠናል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ እኛ ቤት 5 ጊዜ መጣች። የልጁ አልጋ የት እንደሚሆን አየች፤ የመድኃኒት መደርደሪያው ይቆለፍ እንደሆነ ሞከረች፤ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ የገቢ ማስረጃና የሚያውቁን ሰዎች ምስክርነት ጠየቀች። ይህ ሁሉ ወረቀት ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ሰው አይጎዳም። የጎዳኝ በሦስተኛው ቀን የመጣው ጥያቄ ነው።

«ልጅ ሳሉ ሲያጠፉ ምን ይደረጉ ነበር?» አለችኝ።

«እንደ ሁሉም ልጅ ተገርፌ ነው ያደግሁት፤ ምንም አልሆንኩም» አልኳት። ጻፈች። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ጥቂት ዝም አለችና፣ «ታዲያ በር በኃይል ሲዘጋ ለምን ትደነግጣለህ?» አለችኝ። በ16 ዓመት ትዳራችን ይህን ነገር አንስታው አታውቅም ነበር።

ጥያቄው ለምን እንደሚጠየቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የተጎዳ ልጅ የቤቱን ሰው የቆየ ቁስል ፈልጎ አያጣውም። ሆን ብሎ አይደለም፤ የሚያለቅስበት፣ የሚዋሽበት፣ በር የሚያላትምበት መንገድ ራሱ ይደርስበታል። ቁስላችሁን አስቀድማችሁ ካወቃችሁት ሌሊት በ8 ሰዓት ድንገት አይዛችሁም። መምታት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ቃል ገብተን ፈርመናል። «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ ተመትቶ ለመጣ ልጅ ያቺ አንድ ጊዜ ከቀድሞዎቹ ጋር ተደምራ ነው የምትቆጠረው።

ሥልጠናም አለ። ከእኔ ጋር የሠለጠኑት ግማሾቹ የምስክር ወረቀት ለመቀበል ብቻ የመጡ ይመስሉ ነበር፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ደብተሩን ግን አትጣሉት፤ በሦስተኛው ወር ታነቡታላችሁ።

በጥናቱ ጊዜ ከሁሉ በላይ አጥብቃችሁ ማሰብ ያለባችሁ ወሰናችሁን ነው። ስንት ልጅ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት፣ ምን ዓይነት ሕመም ወይም የአካል ጉዳት፣ ወንድምና እህት አብረው ቢመጡስ? እኛ «ከ3 እስከ 9 ዓመት፣ ቢበዛ 2 ልጅ» ብለን ጻፍን። ያ ያልቻልነው ልጅ 14 ዓመቱ ነበር። ማታ ተደወለልን፤ ሌላ ቤት እንደጠፋ ተነገረን፤ እምቢ ማለት አሳፈረን። ልጁ የሚፈልገው ጎረምሳ የማሳደግ ልምድ ያለው፣ ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው ነበር፤ ያገኘው ደግሞ ሁለት የቢሮ ሠራተኞችንና አንድ የ10 ዓመት ወንድ ልጅን። ለእኛ እፍረት ዋጋ የከፈለው እሱ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ቤት ተቀየረበት። እምቢ ማለት ካልቻላችሁ እሺታችሁ ዋጋ የለውም።

ስልኩ ሲደወል

ጥሪው ብዙ ጊዜ ባልተመቸ ሰዓት ይመጣል፤ የሚደውለውም ሰው ይቸኩላል። እናንተ አትቸኩሉ። እኔ ከስልኩ አጠገብ ጥያቄዎቼን የጻፍኩበት ወረቀት ለጥፌያለሁ። ልጁ ለምን ተለየ? እሱ ራሱ ምን ተብሎ ተነገረው? የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ምግብ አለ? ወንድም ወይም እህት አለው፤ ካለው የት ነው ያሉት? ትምህርት ቤቱ ይቀየራል ወይስ ይቀጥላል? ከወላጆቹ ጋር መቼና የት ይገናኛል? አድራሻችንን ማወቅ የሌለበት ሰው አለ? ከዚህ በፊት ስንት ቤት ኖሯል? በመጨረሻም የማንም ፎርም ላይ ያላየሁት ጥያቄ፦ ሲተኛ መብራት ይበራለታል ወይስ ይጠፋለታል?

ከእነዚህ ለግማሾቹ «እስካሁን አላወቅንም» ነው የሚሏችሁ፤ ልጁ ከተለየ ገና ጥቂት ሰዓት ሊሆነው ስለሚችል እውነታቸውን ነው። ያልተመለሰውን ጽፋችሁ በማግስቱ እንደገና ጠይቁ። ስለ ወንድምና እህት በተለይ አትተዉ፤ ያ የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ በመርሕ ደረጃ ወንድማማቾች መለያየት እንደሌለባቸው፣ ከተለያዩም እንዲገናኙ የሚቻለው ጥረት ሁሉ መደረግ እንዳለበት ይላል። በችኮላ ሁለት ቤት የገቡ እህትማማቾችን ግን አይቻለሁ፤ እርስ በርስ እንዲገናኙ ያስታወሰ ሰው ባለመኖሩ ብቻ ወራት አልፈው ነበር።

ሹሩባው

ሁለተኛዋ ልጃችን 6 ዓመቷ ነበር። ማታ ደረሰች፤ ፀጉሯ ተሠርቶ ከርሞ ሥሩ ላይ ተንጨባሯል፤ ታክከዋለች። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ሙቅ ውኃ አዘጋጀች፣ እኔ ወንበር አመጣሁ። እሷ ሹሩባውን ስትፈታ እኔ ተረት እያወራሁ ልጅቷን አዘናጋኋት፤ በጣም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም። ሲያልቅ ከወንበሩ ወረደችና ጫፎቹ የታሰሩባቸውን ትንንሽ ላስቲኮች አንድ በአንድ ከወለሉ ለቅማ ኪሷ ከተተቻቸው። 2 ቀን አላናገረችንም። በሦስተኛው ቀን ዕቃ በምታጥበው ባለቤቴ ጀርባ ቆማ፣ «እማዬ ነበረች የሠራችልኝ» አለች።

የእናቷን እጅ ነበር የፈታነው። በንጹሕ ልብ፣ በሙቅ ውኃ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ለጤና አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ምንም አትጠቡ፣ አትቁረጡ፣ አትጣሉ። የመጣበት ልብስ ቢሸትም የሚሸተው ቤቱን ነው፤ ልጁ ራሱ እስኪሰጣችሁ ድረስ በአልጋው ጠርዝ ይቀመጥ። የተቀደደ ከረጢት ይዞ ከመጣ ከረጢቱንም አስቀምጡ። የእናቱ ፎቶ ካለው ዓይኑ የሚያየው ቦታ ይሰቀል፤ «እንዳያስታውሰው» ብሎ መደበቅ ልጁን አያስረሳውም፣ ከእናንተ ጋር ስለ እሷ እንዳያወራ ብቻ ያደርገዋል።

ይህን የቤት ጥበብ እኛ አልፈጠርነውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ጄምስና ጆይስ ሮበርትሰን የሚባሉ ባልና ሚስት እናቶቻቸው ለወሊድ ሆስፒታል የገቡ 4 ትንንሽ ልጆችን በገዛ ቤታቸው ተቀብለው የሆነውን ሁሉ እየመዘገቡ ተንከባከቡ። ልጆቹን አስቀድመው ተዋወቋቸው፤ የለመዱትን ዕቃ ይዘው እንዲመጡ አደረጉ፤ ስለ እናታቸው ያወሩላቸው፣ ፎቶዋንም ያሳዩአቸው ነበር። ልጆቹ ተጨነቁ፤ ግን አልተሰበሩም። በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ምክንያት ገጥሞት ሠራተኞች እየተቀያየሩ ወደሚጠብቁበት የሕፃናት ማቆያ የገባ የ17 ወር ልጅ ግን በ9 ቀን ውስጥ ተሰበረ፤ እናቱ ልትወስደው ስትመጣ ፊቱን አዞረባት። የእኛም አጭሩ ቆይታ 9 ቀን ነበር አልኳችሁ አይደል? «ለጥቂት ቀን ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል ሰው ስሰማ ያ ልጅ ነው የሚታየኝ።

የመጀመሪያውን ምሽት በተመለከተ ሌላው ቀላል ነው። ሽንት ቤቱን አሳዩት፤ ማን የት እንደሚተኛ ንገሩት፤ ምን ብሎ ሊጠራችሁ እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ፤ «እናትና አባት በሉን» አትበሉ። ምግቡ የት እንዳለ ንገሩት፣ ሲርበው ጠይቆ እንደሚያገኝም አረጋግጡለት። ሳትጠይቁ አትቀፉት። ጎረቤትና ዘመድ አትጥሩ፤ ልጁ የሠርግ ሙሽራ አይደለም።

ጸጥታው ሲያልቅ

መጀመሪያ ላይ ብዙ ልጆች ጨዋ ይሆናሉ። የበሉበትን ያነሳሉ፣ ሲጠሩ ይሮጣሉ፣ «አመሰግናለሁ» ይላሉ። እንግዳ ነዋ! አዲስ አደራ ወላጆች ይህን ጊዜ «ልጁ እኮ ምንም ችግር የለበትም» ይሉኛል፤ እኔም «ቆዩ» እላለሁ። አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ በሁለት ወር ይፈነዳል። ይሰብራል፣ ይዋሻል፣ ይሰርቃል፣ ዳቦ ትራሱ ሥር ይደብቃል፤ ንጹሕ የነበረው አልጋ ማርጠብ ይጀምራል፤ የ7 ዓመቱ እንደ 3 ዓመት ልጅ ያወራል። ወላጆች የሚደነግጡት «ተበላሸብን» ብለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁ ቤቱን ማመን ስለጀመረ ነው፤ ጨዋነቱ ፍርሃት ነበር። አሁን የሚጠይቃችሁ፣ «እንዲህም ሆኜ ታስቀሩኛላችሁ?» ብሎ ነው፤ በቃል መጠየቅ ስለማይችል በሳሕን ይጠይቃል።

አራተኛው ልጃችን 8 ዓመቱ ነበር፤ ጫማውን አድርጎ ነበር የሚተኛው። እኔ ሥርዓት እወዳለሁና ጫማ አልጋ ላይ አይወጣም ብዬ ነበር። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ አሮጌ ጨርቅ አጥፋ እግሩ ሥር አነጠፈችለት። ልጁ በቆየባቸው ቤቶች ሁሉ ሌሊት ተቀስቅሶ «ተነስ፣ እንሂድ» ተብሏል፤ ጫማ ማድረጉ ዝግጅት ነበር። በ19ኛው ሌሊት ገብቼ ሳይ አንዱ ጫማ ወልቋል። አንዱ ብቻ! ግራው። በማግስቱ ስለ ጫማ ማንም ምንም አልተነፈሰም። ሁለተኛው እስኪወልቅ ሌላ 6 ሌሊት ፈጀ። እኔ 25ቱንም ሌሊት ቆጥሬያለሁ፤ ሥራዬ ነው።

ይኸው ልጅ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። አላለቀሰም፣ ወደ እኛም አላየም፤ ራሱ ሄዶ በቧንቧ ውኃ አጠበው። የእኔ ስሜት ምን እንደነበረ እውነቱን ልናገር፦ «ካልፈለገኝ ይቅር» የሚል ቅያሜ ነው። ኋላ ላይ ሜሪ ዶዚየር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአደራ ስለሚያድጉ ጨቅላዎች የደረሰችበትን ሳነብ አፈርኩ። አንድ ዓመት ገደማ ካለፋቸው በኋላ ወደ አዲስ ቤት የሚገቡ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ሲከፋቸውም ማንም እንደማያስፈልጋቸው ሆነው ይታያሉ፤ አሳዳጊዎቹም ሳያውቁት በዚያው ልክ ይርቃሉ። እሷ አሳዳጊዎችን የምታስተምረው ልጁ ባይጠይቅም መስጠትን ነው። ባለቤቴ ይህን ሳታነብ ሠርታዋለች፤ ከቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ፎጣ ዘርግታለት ቆየች። አልነካችውም። ፎጣውን ተቀበላት።

«እንዳይጎዳኝ ልቤን ቆጥቤ ልያዘው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ልጅ ሲቆጠብበት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ማሳደጊያዎች ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ እንዲገቡ የተደረገበት ጥናት አለ። ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ እድገት በማሳደጊያ ከቀሩት በልጠው ተገኙ፤ በተለይም 2 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። በማሳደጊያውም ምግብና አልጋ ነበር፤ የጎደለው ሲያለቅሱ የሚመጣው ሰው ዛሬም ነገም ያው ሰው መሆኑ ነው።

እናትየዋ

ወደማፍርበት ደረስኩ። ባለ ሹሩባዋ ልጅ እናቷን በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ታገኛት ነበር። ከዚያ ስትመለስ አትበላም፣ ትነጫነጫለች፣ ሌሊት አልጋዋን ታረጥባለች። ሠንጠረዥ ሠራሁ። ከ6 የጉብኝት ሌሊቶች በ5ቱ አልጋው ረጥቧል። ሠንጠረዡን ይዤ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ዘንድ ሄድኩና «ቁጥሩ ይናገራል፤ ጉብኝቱ ልጅቷን እየጎዳት ነው፣ ይቀነስ» አልኳት። ወረቀቱን አይታ፣ «የጎዳት መገናኘቱ ነው ወይስ መለያየቱ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሠንጠረዤ ላይ ለዚያ የሚሆን ዓምድ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ልጅቷን ወድጃት ነበር፤ እናትየዋ 40 ደቂቃ ዘግይታ የመጣች ቀን ደግሞ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። አደራ በላ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ በሌላው ሰው ጥፋት ደስ ሲለው።

ጉብኝቱ በሳምንት 2 ቀን ሆነ። አልጋው ወዲያው አልደረቀም፤ ሁለት ወር ፈጅቷል። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ማበጠሪያ ይዛ ሄደችና እናትየዋን፣ «እህቴ፣ እኔ እንዳንቺ አድርጌ መሥራት አልቻልኩም፤ እስቲ አሳዪኝ» አለቻት። እስከዚያ ቀን ቀና ብላ አይታን የማታውቅ ሴት ናት። ልጇን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ መሥራት ጀመረች፤ ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ ልጅቷ ደግሞ ላስቲኮቹን ከኪሷ አውጥታ አንድ በአንድ ታቀብላለች። እነዚያኑ ላስቲኮች!

ከወላጅ ጋር ስትገናኙ ቁጣ ጠብቁ። እነሱ የተቀሙ ናቸው፤ እናንተ ደግሞ የተቀሙት ነገር እጃችሁ ላይ ነው። አትከራከሩ፣ ስለ ጥፋታቸው አታንሱ፤ ያ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ልጁ ሳምንቱን ምን እንደሠራ ንገሯቸው፣ የሣለውን ሥዕል ስጧቸው፣ ምክራቸውን ጠይቁ። ልጁ ፊት ክፉ ቃል አይውጣችሁ፤ ልጅ ራሱን ከእነሱ ስለሚቆጥር እናቱን ስትሰድቡ እሱን ነው የምትሰድቡት። መዋሸትም አያስፈልግም። «እናትህ አሁን አንተን መጠበቅ የሚያስችል ጤና የላትም፤ እየታከመች ነው» ማለት ይቻላል። «በቅርቡ ትሄዳለህ» ግን አትበሉ። «በቅርቡ» የሚለውን ቃል ከቤታችን አውጥተነዋል፤ ለልጅ በቅርቡ ማለት ነገ ነው። በእርግጥ ከወላጅ ጋር መገናኘት ለልጁ አደጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ያንን የሚወስነው ግን የሚመለከተው አካል እንጂ የእናንተ ቅናት አይደለም።

ደብተርና ፊርማ

ማስታወሻ ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው፣ የተባለው። «ዛሬ አስቸጋሪ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ቦርሳውን ወረወረ፤ 20 ደቂቃ ጠረጴዛ ሥር ተቀመጠ፤ የሂሳብ ፈተና መውደቁን ማታ ነገረኝ» ብላችሁ ጻፉ። ልጁ አድጎ ሊያነበው እንደሚችል፣ ዳኛም ሊጠይቀው እንደሚችል እያሰባችሁ ጻፉት። ልጁ ሰውነቱ ላይ ምልክት ይዞ ከመጣ ወይም የደረሰበትን በደል ከነገራችሁ በራሱ ቃል መዝግባችሁ በዚያው ቀን አሳውቁ፤ እንደ መርማሪ አትጠይቁት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ፤ ትናገራላችሁና።

በእናንተ ላይ ክስ ሊነሳ እንደሚችልም እወቁ። እኛ አንድ ጊዜ ተጠርጥረን ተመርምረናል፤ 3 ሳምንት ፈጀ፤ ነፃ ወጣን። በእነዚያ 3 ሳምንታት ያዳነኝ የእኔ ደግነት ሳይሆን ደብተሩ ነው።

ሥልጣናችሁም ጠባብ ነው። ፀጉር ማስቆረጥ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ከከተማ ይዞ መውጣት፣ ፎቶውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ፣ እነዚህ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልጋቸው በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ። ስለ ፎቶው ግን ፈቃድም መጠየቅ አያስፈልግም፤ አትለጥፉ።

የልጁ ወጪ መደጎሚያ የሚከፈልበት ቦታ አለ፤ የማይከፈልበትም አለ። ቢከፈልም ይዘገያል፤ እሱን ተስፋ አድርጋችሁ ወር አትጀምሩ።

የቤታችሁ ሰዎች

ያ የ14 ዓመት ልጅ እኛ ዘንድ ሳለ የገዛ ልጃችን 10 ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን፣ «እሱ ሲሰብር ዝም ትላላችሁ፤ እኔ ስሰብር ትቆጣላችሁ» አለን። ትክክል ነበር። ሁለት ዓይነት ሚዛን ይዘን ነበር፤ ምክንያት ነበረን፣ ግን አልነገርነውም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት ከእኔ ጋር ብቻውን ይወጣ ነበር፤ የፈለገውን ያማርራል፣ እኔ አልመልስም። የራሳችሁን ልጆች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉም ስሟቸው። ለብቻቸው የሚቆለፍ አንድ መሳቢያ ይኑራቸው።

ከትዳር አጋራችሁ ጋር ደግሞ አንድ ነገር ተስማሙ፦ አንዱ «ደከመኝ» ሲል ሌላው «እኔስ?» አይልም። ተራ ነው የሚያዝለት። ለአንድ ቅዳሜ ልጁን የሚይዝላችሁ፣ የተፈቀደለትና ልጁ የሚያውቀው ሰው ካገኛችሁ ሳታፍሩ ተጠቀሙበት።

ሲሄድ

የመሄጃው ቀን ሲቆረጥ ልጁ ከእናንተ ይስማ፤ በጊዜ ይስማ። በአንድ ቀን አታድርጉት፤ መጀመሪያ ግማሽ ቀን ወላጁ ዘንድ ይዋል፣ ከዚያ ይደር፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ይክረም። ዕቃውን በደህና ሻንጣ አሽጉ፤ በፌስታል አይሂድ። የመጣበት ልብስ ባይበቃውም ይግባ። የቆየበት ጊዜ ከሕይወቱ ተቆርጦ እንዳይቀር ፎቶዎችን በአልበም አድርጉለት፤ የጥርሱን መውለቅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን፣ የተኛበትን ክፍል። ማልቀስ ከመጣባችሁ አልቅሱ፤ ልጁ እንዲያጽናናችሁ ግን አታድርጉት። ከዚያ በኋላ ለሚደወል ስልክ ቶሎ እሺ አትበሉ፤ እኛ ቢያንስ 6 ሳምንት እናርፋለን።

ለሚረከበው ሰውም ዝርዝር ጻፉ፦ የመኝታ ሰዓት፣ መድኃኒት፣ የሚያስፈራው፣ የሚያረጋጋው። በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ እናንተ ዘንድ ይቅር። ባለ ሹሩባዋ ስትሄድ እኔ 14 ተራ ቁጥር ያለው፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ዝርዝር ለእናቷ ሰጠኋት። በር ላይ ቆማ አነበበችው። 9ኛው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዬን ጠየቀችኝ። «ወተት አትወድም» የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ በእጇ ጻፈች፦ «ከቀዘቀዘ ነው።»